ውሃውን ያልጨረሰ ድንጋይ አይሸጥ

«ስትመጪ ከባሕሩ ዳር አንድ ሁለት ጆንያ ድንጋይ ያዢልን።» ጅቡቲ ተቀምጦ ከድሬዳዋና ከአዲስ አበባ ጋር የሚነግድ ሰው ይህን ትእዛዝ ሳይሰማ አይከርምም። ሽቶው፣ ጨርቁ፣ ቴምሩ፣ የልጆች ወተቱ ከተዘረዘረ በኋላ ድንጋዩ እንደ ምርቃት መጨረሻ ላይ ይጨመራል። አዛዡ የጨው ውሃ አኳሪየም ሊያቆም የተነሣ ሰው ነው፤ ወይ ሳሎኑን ሊያሳምር፣ ወይ ምግብ ቤቱ መግቢያ ላይ ሊያስቀምጠው። ልጆች «ኒሞ» የሚሉት ብርቱካንማ ዓሣ የሚኖረው በጨው ውሃ ስለሆነ፣ በተራ ውሃ ዓሣ ያረቡ የነበሩ ሰዎችም ወደዚህኛው መሸጋገር ይፈልጋሉ። ድንጋዩ ደግሞ ጌጥ ብቻ አይደለም። ዓሣው የሚደበቅበት ቤቱ ነው፤ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣሩት ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎችም በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ነው የሚሰፍሩት።

ሰዉ «እናንተ ባሕር ላይ ናችሁ፤ ድንጋይ ምን ያስከፍላችኋል?» ይላል። የኔ መልስ አጭር ነው። ከባሕር አላወጣም፤ ሌላውም ባያወጣ እላለሁ። በሲሚንቶ የተሠራ ድንጋይ እናቅርብ፤ እሱም ቢሆን ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ኖራው እስኪወጣለት ድረስ አይሸጥ። በመጀመሪያው ብዙ ሰው ይስማማል። የምንጣላው በሁለተኛው ነው፤ ስለዚህ የምጽፈውም ይበልጡን ስለ ሁለተኛው ነው።

የባሕሩን ጉዳይ አስቀድሜ ልዝጋው። በጅቡቲ ሕግ ኮራልም ሆነ ዛጎል ከባሕር ማውጣት የተከለከለ ነው። የሙሻ ደሴት ዙሪያ ገና አገሩ ነፃ ሳይወጣ እ.ኤ.አ. በ1972 ጥበቃ ተደርጎለታል፤ ማስካሊ ደግሞ በ1980። ድንበር ማሻገሩ ሌላ ጣጣ አለው። የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ስምምነት ድንጋያማ ኮራሎችን ያለ ፈቃድ ከአገር አገር እንዳይዘዋወሩ በመዝገቡ ይዟቸዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ጅቡቲም በ1992 ገብተውበታል። «ደርቋል፣ ሞቷል» ማለት አያድንም፤ የሞተው አጥንቱም በዚያው ይቆጠራል። አንድ ጆንያ ድንጋይ ጉምሩክ ላይ ሲፈታ ከሱ ጋር የተጫነው የሌላ ሰው ዕቃ ሁሉ አብሮ እንደሚቆም ደግሞ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

«ይቺ ከተማ ራሷ በኮራል አይደል እንዴ የተሠራችው?» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው። ድሮ ፕላስ ሜኔሊክ ይባል በነበረው፣ ዛሬ የ27 ጁን አደባባይ በሆነው ቦታ ዙሪያ ያሉት የቀድሞ ነጫጭ ቤቶች ብዙዎቹ በኮራል ድንጋይ የተገነቡ ናቸው። የፕላቶ ዱ ሰርፐንና የሄሮን መሬትም ጥንት ባሕር ሥር የነበረ ኮራል ነው። ነገር ግን ከሺህ ዓመታት በፊት ሞቶ መሬት የሆነውን ቆፍሮ ግድግዳ ማቆምና ዛሬ በሕይወት ካለው ላይ ገንጥሎ ማውጣት አንድ አይደለም። ክብ ክቡ የኮራል ዓይነት በዓመት የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው። የሰው ጭንቅላት የሚያህለውን በመዶሻ የመታ ሰው የስንት ዓመት ዕድገት እንደሰበረ ቆጥሮ ይድረስበት። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የዓሣ ነባሪ ሻርክ ሊያዩ ወደ አርታ ባሕር ዳርቻ የሚመጡትን ቱሪስቶች በጀልባ የሚያመላልሱት ሰዎች እንጀራቸው ከዚሁ ባሕር ነው፤ እኛ ለጌጥ ብለን የነሱን መሶብ መንካት የለብንም። በአሜሪካ ፍሎሪዳም ከነሕይወቱ ለአኳሪየም የሚወጣው ድንጋይ በ1990ዎቹ ሲከለከል፣ ከነጋዴዎቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው ባሕር ውስጥ አስቀምጠው ወደሚያለሙት ድንጋይ ነው የዞሩት።

ከባሕር የወጣው ድንጋይ ለገዢውም ቢሆን አይጠቅመውም። ውስጡ ስፖንጅ፣ ትል፣ ትንንሽ ቀንድ አውጣ ሞልቷል። በጆንያ ታስሮ በዚህ ሙቀት በመኪና ሲጓዝ ሁሉም ይሞታል። ድሬዳዋ ሲፈታ አፍንጫ አያስቀምጥም። ያንን አኳሪየም ውስጥ የከተተ ሰው ውሃውን በአሞኒያ ሞላው ማለት ነው።

ወደ ሲሚንቶው እንምጣ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቶሎ ልለፈው። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ ለቴራዞ የሚሆን ነጭ የእብነ በረድ ጠጠር፣ አንድ እጅ ሻካራ ጨው። ጨዉ የሚገባው ሟሙቶ ወጥቶ ቀዳዳ እንዲተው ነው። እኛ የአሳልን ጨው እንጠቀማለን፤ እናንተ ጋ የአፍዴራው ይሆናል። ከዚያ በላይ ጨው ከገባ ድንጋዩ እጅ ላይ ይፈርሳል። ውሃው በጣም ጥቂት ይሁን። ድብልቁ እንደ ጭኮ ሲጨበጥ የሚይዝ፣ ሲለቀቅ የማይፈስ ሲሆን ደርሷል። እርጥብ ጨው ወይም እርጥብ አሸዋ ውስጥ ጉድጓድ አድርጎ እየጠፈጠፉ መጣል ነው፤ ካሳፎርማ አያስፈልገውም። ብረትና ሽቦ ፈጽሞ አይግባበት፤ በጨው ውሃ ይዝጋል፣ ድንጋዩንም ይሰነጥቀዋል። እጃችሁ ላይ ጓንት፣ አፍንጫችሁ ላይ መሸፈኛ ይኑር። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል፤ የሚያቃጥለውም ቀጥሎ የምናገርለት ኖራ ነው።

ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ እዚህ ነው። «ውሃ ማጠጣት» የሚለውን ቃል ከግንበኛ ሰምተነዋል፤ ግንበኛው ግን ሌላ ነገር ማለቱ ነው። ግንበኛ ኮንክሪት ላይ ውሃ የሚያርከፈክፈው እንዲጠነክር ነው። ሲሚንቶ በመድረቅ አይጠነክርም፤ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ነው የሚጠነክረው፤ ውሃው ቶሎ ከተነነበት ሥራው መንገድ ላይ ይቆማል። መሐንዲሶች ጥንካሬውን የሚለኩት በ28ኛው ቀን ስለሆነ «28 ቀን ውሃ ጠጥቷል፣ አልቋል» የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። ለቤት ምሰሶ ይበቃል። ለዓሣ አይበቃም። ምክንያቱም ሲሚንቶው እየጠነከረ በሄደ ቁጥር ኖራ እያወጣ ነው የሚሄደው፤ ያ ኖራ በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ይቀመጥና አኳሪየም ውስጥ ሲገባ ቀስ እያለ ይወጣል። መጠንከሩ አንድ ሥራ ነው፤ ኖራው መውጣቱ ሌላ ሥራ ነው። ሁለቱም ውሃ ይፈልጋሉ፤ ጊዜያቸው ግን ለየብቻ ይቆጠራል።

ኖራው የሚያደርገውን በቁጥር ልንገራችሁ። የውሃ ባሕርይ የሚለካው ፒኤች በሚባል መለኪያ ነው። 7 መሐል ነው፤ ከዚያ በላይ ሲወጣ ወደ ኖራው ጠባይ ይሄዳል። የባሕር ውሃ 8.1 ወይም 8.2 ገደማ ነው። ኖራ የጠገበ ውሃ ደግሞ ከ12 በላይ ነው። ልዩነቱ አራት እርከን ብቻ ይመስላል፤ ግን እያንዳንዱ እርከን አሥር እጥፍ ስለሆነ አራት እርከን ማለት አሥር ሺህ እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ፒኤቹ ሲወጣ ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጣው አሞኒያ ወደ መርዛማው ዓይነቱ ይቀየራል። ዓሣው ስንጥቡ ይቃጠላል፤ አሞኒያውም ይመርዘዋል። ውሃው ግን ጥርት ብሎ ይታያል፤ ባለቤቱ ምን እንደነካው አያውቅም።

አሁን የምናገረውን ባለፈው ዓመት ድሬዳዋ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ምግብ ቤት ከሌላ ነጋዴ የሲሚንቶ ድንጋይ ገዝቶ አኳሪየሙን አቆመ። ሻጩ «ወር ሙሉ ውሃ ጠጥቷል» ብሎታል፤ አልዋሸም፤ ግንበኛ እንደሚያጠጣው አጠጥቶታል። በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ ላይ ላይ መጡ፣ በአምስተኛው አለቁ። ባለቤቱ ደወለልኝ። ድሬዎች እንደምታውቋቸው «አንቺ» ብለው ነው የሚጀምሩት፤ ስድቡም ፍቅሩም በዚያው ነው። «አንቺ፣ የጅቡቲ ድንጋይ ዓሣ ይበላል እንዴ?» አለኝ። የሸጠለትን ሰው ስም አልጠራም፤ «የጅቡቲ ድንጋይ» ነው ያለው። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ሰፈር ድንጋይ ሊገዛ የፈለገ ሰው ሁሉ ይህን ወሬ ሰምቶ ነው የሚመጣው። አንዱ ሲቸኩል የሁላችንም ስም ነው የሚከፍለው።

ታዲያ ስንት ጊዜ ይበቃል? እኔ የማምነው አሠራር ይህ ነው። ድንጋዩ ከተጣለ በኋላ አንድ ቀን ሳይነካ ይቀመጥ፤ ከዚያ እርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ፣ ላስቲክ ተጋርዶበት፣ ጥላ ሥር ሰባት ቀን። እዚህ ጅቡቲ ካምሲን በሚነፍስባቸው የበጋ ወራት ጆንያውን በቀን ሦስቴ ማርጠብ ያስፈልጋል፤ ያ ነፋስ ከግድግዳ ላይ እንኳ ውሃ ይመጥጣል። ከዚያ በርሜል። 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ወደ 30 ኪሎ ድንጋይና 150 ሊትር ገደማ ውሃ ይገባል፤ ውሃው በየሳምንቱ ተደፍቶ አዲስ ይሞላል። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ነው። ስምንቴ ከተቀየረ 1,200 ሊትር፣ ማለትም 60 ጀሪካን። በዚህ ከተማ ይህ ቀልድ አይደለም። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአዲጋላ በቧንቧ የሚመጣው ውሃ ብዙ አቅልሎልናል፤ ቢሆንም ውሃ ውሃ ነው፤ ለድንጋይ ሲደፋ ጎረቤት ያያል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አራት ሙሌቶች በባሕር ውሃ ማድረግ ይቻላል። በርሜሉ ሥር ነጭ ዝቃጭ ሲታይ እንዳትደነግጡ፤ የባሕሩ ማግኒዥየም ከኖራው ጋር ተገናኝቶ የሚሠራው ነው። የመጨረሻዎቹ ሙሌቶች ግን በንጹሕ ውሃ መሆን አለባቸው፤ ምክንያቱም የባሕር ውሃ ኖራን ይችላል፣ ይሸፍናል፤ ንጹሕ ውሃ ግን ወዲያው ያጋልጣል።

ማብቃቱን የሚነግረን የቀን ቁጥር አይደለም። ሁለት ባልዲ አቅርቡ፤ በሁለቱም ከአንድ ቧንቧ የተቀዳ ውሃ ይኑር፤ በአንዱ ብቻ ድንጋይ አግቡ። ሳትነኩ ሦስት ቀን አስቀምጡና የሁለቱንም ፒኤች ለኩ። ባዶው ባልዲ ለምን ካላችሁ፣ የቧንቧችን ውሃ ራሱ ከ7 በላይ ሊሆን ይችላል፤ ያለ ማነጻጸሪያ ድንጋዩን በውሃው ኃጢአት ትከሱታላችሁ። ድንጋይ ያለበት ባልዲ ከ8.5 ካልበለጠና ከባዶው ብዙ ካልራቀ፣ ውሃውን ቀይራችሁ እንደገና ሦስት ቀን። ሁለቴ ካለፈ አልቋል። አንዴ ብቻ ካለፈ አላለቀም።

መለኪያው ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ብዙ ሰው የሚጠቀመው ለመዋኛ ገንዳ የሚሸጠውን፣ ውሃው ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ተደርጎ ወደ ቀይ የሚቀየረውን ነው። እሱ የሚያነበው ከ6.8 እስከ 8.2 ወይም 8.4 ብቻ ነው። ከዚያ በላይ 9 ይሁን 11 ቀለሙ ያው ነው። «ትንሽ ከፍ ብሏል» ብሎ በዚያ መለኪያ የሸጠ ሰው ምን ያህል ከፍ እንዳለ አላየም። እስከ 14 የሚያነበው የወረቀት መለኪያ ዋጋው ከአንድ ዓሣ ያነሰ ነው።

አቋራጭ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። አንደኛው አቼቶ ነው። ድንጋዩን አቼቶ ውስጥ ሲነክሩት ይፈላል፤ ላዩ ያለው ኖራ ይጠፋል፤ በማግስቱ ቢለካ ፒኤቹ አምሮበት ይገኛል። በሳምንቱ ከውስጥ ያለው ሲወጣ እንደገና ይሰቀላል። እስከዚያ ድንጋዩ ተሸጧል። ፊት ታጥቦ እግር መርሳት ማለት ይኼ ነው፤ ደግሞም አቼቶው እብነ በረዱንም ይበላዋል። ሁለተኛው መቀቀል ነው። ኖራ ግን እንደ ስኳር አይደለም፤ በሙቅ ውሃ የሚሟሟው መጠን በቀዝቃዛው ከሚሟሟው ያንሳል። በዚያ ላይ ውስጡ የታመቀው ውሃ ሲፈላ ድንጋዩን ሊፈነዳው ይችላል፤ በልጆች አጠገብ እንዳታስቡት። ሦስተኛው ቀለም ወይም ፕላስቲክ ነገር ቀብቶ ቀዳዳውን መድፈን ነው። ኖራው ይታፈናል፤ ግን ባክቴሪያው የሚሰፍርበት ቀዳዳም አብሮ ተደፈነ። ታዲያ ድንጋዩ ለምን ተገዛ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

እውነተኛ አቋራጭ አንድ አለ፤ እሱም ከመነሻው በሲሚንቶ ምርጫ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ኦፒሲ ወይም ፒፒሲ ተብሎ ይጻፋል። ፒፒሲው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት የተቀላቀለበት ነው፤ ያ ዱቄት ሲሚንቶው የሚያወጣውን ኖራ ራሱ እየበላ ወደ ማጣበቂያነት ይቀይረዋል። ስለዚህ በመጨረሻ የሚወጣው ኖራ ያንሳል። መጀመሪያ ላይ ለመጠንከር ግን ቀስ ይላል፤ የጆንያውን ሰባት ቀን ወደ ሁለት ሳምንት ማድረግ ይሻላል። ለግንበኛ ይህ መዘግየት ችግር ነው፤ ለእኛ ግን ጥቅሙ ይበልጣል።

አሁን ወደ ጠባችን። ከዕቃ አቅራቢ ወዳጆቼ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «እኔ ድንጋይ ነው የምሸጠው፤ መዘፍዘፍ የገዢው ሥራ ነው። ሁለት ወር በርሜል ውስጥ ገንዘቤን ለምን አስራለሁ?» ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ካፒታል የታሰረበት ነጋዴ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። ግን ገዢውን እንየው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ቤተሰብ 60 ጀሪካን ከየት ያመጣል? መለኪያ የለውም። አኳሪየሙን ገዝቶ፣ መብራቱን ሰክቶ፣ ልጆቹ ዙሪያውን ቆመው «መቼ ነው ዓሣው የሚመጣው?» እያሉት ነው። ሁለት ወር ጠብቅ ብትሉት ሁለት ቀን ይጠብቃል። ይህን እያወቅን «ነግሬው ነበር» ማለት ከደረሰኝ ላይ ተጠያቂነትን ይሰርዝ ይሆናል እንጂ ዓሣውን አያድንም። አናጢ እርጥብ ጣውላ ለበር ቢሸጥላችሁና «ቤትህ ወስደህ አድርቀው» ቢላችሁ ትቀበላላችሁ?

«ያልጨረሰውን በቅናሽ፣ የጨረሰውን በውድ እንሽጥ» የሚልም አለ። ወረቀት ላይ ጥሩ ይመስላል። እኔ ግን እቃወማለሁ፤ ምክንያቱም በቅናሽ የተሸጠው ድንጋይ በዚያ ገዢ እጅ አይቀርም። ቀፊራ ላይ ወይም መርካቶ ላይ ለሦስተኛ ሰው ሲሸጥ ቅናሹም ማስጠንቀቂያውም አብረው አይሄዱም። ድንጋዩ ብቻ ይሄዳል፤ ሁለቱ ደግሞ በዓይን ሲታዩ አይለያዩም።

የታሰረው ገንዘብም ቢሆን ሰዎች እንደሚፈሩት አይደለም። ኮሜርስ ከተማርኩት ውስጥ በየቀኑ የምጠቀምበት ይህ ነው፦ መጠበቅ የሚያስከፍለው አንዴ ነው። አራት በርሜል ይኑራችሁ። በየሁለት ሳምንቱ አንዱን ሙሉ። የመጀመሪያዎቹን ዘጠኝ ሳምንታት ምንም አትሸጡም፤ እሱ ከባድ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በየሁለት ሳምንቱ አንድ በርሜል ያልቃል፣ አንድ በርሜል ይገባል፤ ሽያጩ የሲሚንቶውን ወጪ እየሸፈነ ይሽከረከራል። ሲሚንቶው፣ ጠጠሩና ጨዉ በራሳቸው ርካሽ ናቸው፤ በዋጋው ውስጥ ትልቁ ድርሻ የውሃውና የሳምንቶቹ ነው። ገዢ «ለሲሚንቶ ይህን ያህል?» ሲላችሁ አትፈሩ፤ የሁለት ወር ሥራ እንደሆነ በርሜሉን አሳዩት።

እኔ ከምገዛላቸው ሠሪዎች የምጠይቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ድንጋዩ ገና እርጥብ ሳለ ከሥሩ በምስማር የተጣለበትን ቀን ይጫሩበት። ቀኑ በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ ግን ተስማሙ፤ አንዴ ዓመተ ምሕረቱን በሐበሻ የተጻፈበት ድንጋይ ያየ ሰው «ይሄ ሰባት ዓመት ውሃ ውስጥ የቆየ ነው» ብሎ ከፍ ባለ ዋጋ ሊሸጥልኝ ነበር። ሁለተኛው፣ ከመረከቤ በፊት የሁለቱን ባልዲ ፈተና ፊቴ ይለኩልኝ። ቀብዱን ከፍዬ ሄጄ፣ ቀሪውን ከልኬት በኋላ ነው የምከፍለው። የተቆጣ ሠሪ ነበር፤ አሁን ግን እሱም ለሌሎች ገዢዎች በዚሁ መንገድ ያስረክባል።

ሌላም የማስበው አለ። ይህን ድንጋይ ለምን ከጅቡቲ እንጭነዋለን? ለአንድ መካከለኛ አኳሪየም 30 ኪሎ ይገባል፤ ከዚህ እስከ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ድንጋይ መጫን ነው። ድሬዳዋ በጣሊያን ጊዜ ጀምሮ የሲሚንቶ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፤ ፒፒሲው እዚያው አለ፤ የአፍዴራ ጨው አለ፤ የእብነ በረድ ጠጠር አለ። አየሩም ከኛ ይለዝባል። ድንጋዩ እዚያ ይሠራ፤ እዚያ ውሃውን ይጨርስ። ከጅቡቲ መሄድ ያለበት ቀላሉና እዚያ የማይገኘው ነው፦ የውሃ ማሽከርከሪያው፣ መብራቱ፣ ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀው ጨው። ይህ ጨው በሊትር 35 ግራም ገደማ ይገባል፤ ለመቶ ሊትር ሦስት ተኩል ኪሎ ማለት ነው። የአሳልን ጨው በሱ ፋንታ አሟሙቶ ዓሣ ማስገባት ግን አይሆንም። አሳል ለድንጋዩ ቀዳዳ ነው። የባሕር ውሃ ከጨው ሌላ ማግኒዥየሙ፣ ካልሲየሙ፣ ሌላም ሌላም በልክ ያለበት ነው። ከኛ ሠሪዎች ድሬዳዋ ሄደው ማስተማር የሚችሉ አሉ፤ ሥራው ከእጃችን ይወጣል ብለን የምንሰጋ ከሆነ፣ ድንጋይ በመጫን የምናተርፈው ከነዳጁ በኋላ ስንት እንደሆነ እንቁጠረው።

ኖራው ወጣ ማለት ደግሞ ዓሣው በማግስቱ ይገባል ማለት አይደለም። ይህኛው ጥበቃ የገዢው ነው፤ ሻጭ ሊያደርግለት አይችልም። አዲሱ ድንጋይ ንጹሕ ነው፤ ባክቴሪያ የለበትም። አኳሪየሙ ውስጥ ገብቶ፣ ውሃው እየተሽከረከረ፣ አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች እስኪሰፍሩበት ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሲሆኑ አንድ ዓሣ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ። ሻጭ ይህን በወረቀት ጽፎ ከድንጋዩ ጋር ቢሰጥ ጥሩ ነው፤ በአማርኛም በሶማልኛም።

ለገና ልጆቹን በኒሞ ሊያስደስት ያሰበ ሰው እንግዲህ ሒሳቡን ያውቃል። ዘጠኝ ሳምንት ለድንጋዩ፣ አምስት ስድስት ለባክቴሪያው፣ ጥቂት ቀን ለመንገዱ። ትእዛዙ ከመስከረም አጋማሽ በፊት ይድረሰን፤ በኅዳር የደወለ ለፋሲካ ነው የምንመዘግበው።